“መኪናዎን ብፈትሽ ይፈቅዳሉ?”፦ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ያጠበቡትና ክፍት የተዉት

በ1921 ማብቂያ ላይ፣ መጠጥ በመላው አሜሪካ በሕግ ታግዶ በነበረበት ዘመን፣ የፌዴራል መንግሥት ተቆጣጣሪዎች በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስና በዲትሮይት መካከል ባለው አውራ ጎዳና ላይ አንዲት ኦልድስሞቢል መኪና አስቆሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመኪናዋ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች በመጠጥ ንግድ አስቀድመው ይጠረጥሯቸው ነበር። የመቀመጫውን መደገፊያ ቀደው ሲያዩ 68 ጠርሙስ ውስኪና ጂን ተሰግስጎ ተገኘ። የፍርድ ቤት ማዘዣ ግን በእጃቸው አልነበረም። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በማርች 1925 ሲወሰን፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ታፍት የጻፉት ፍርድ በቤትና በመኪና መካከል መስመር አሰመረ። ቤት ካለበት አይነቃነቅም፤ መኪና ግን ፖሊስ ማዘዣ አውጥቶ እስኪመለስ ድረስ ከግዛቱ ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ፖሊስ በመኪናው ውስጥ የተከለከለ ነገር እንዳለ የሚያሳምን ምክንያት እስካለው ድረስ ማዘዣ ሳይዝ መፈተሽ ይችላል ተባለ።

ከዚያ ፍርድ መቶ ዓመት ከአንድ ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 2025፣ የዚያው የሚሺጋን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲትሮይት ውስጥ ቆሞ የነበረ መኪናን በሚመለከት ጉዳይ ላይ፣ የማሪዋና ሽታ ብቻውን መኪና ለመፈተሽ አያበቃም ሲል ወሰነ። የሚሺጋን ሕዝብ በ2018 በሰጠው ድምፅ ማሪዋናን ለአዋቂዎች ፈቅዷል። የተፈቀደ ነገር ስለሸተተ ወንጀል ተፈጽሟል ማለት አይቻልም፤ የፍርዱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023፣ የኢሊኖይ ደግሞ በ2024 ተመሳሳይ መንገድ ጀምረው ነበር። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በፍርድ ሳይሆን በምክር ቤቶቻቸው ሕግ እዚያው ደርሰዋል።

እነዚህን ውሳኔዎች በደስታ የተቀበልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል መሪ ጨብጦ የሚያድር ስንት ወገን እንዳለን እናውቃለን። ታክሲው፣ ኡበሩ፣ ሊሙዚኑ፣ የዕቃ ማድረሱ ሥራ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ከፖሊስ ጋር የመገናኘት ዕድሉ ቢሮ ከሚውለው ሰው ጋር አይወዳደርም። የመንገድ ላይ ፍተሻ ሕግ ለዚህ ማኅበረሰብ የሥራ ቦታ ሕግ ነው።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ዳኞች ስለ ሽታው፣ ስለ አነፍናፊው ውሻ፣ ስለ ማቆያው ደቂቃ ሲመራመሩና ልክ ሲያበጁ፣ ከሁሉም ሰፊው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ፖሊሱ “ብፈትሽ ይፈቅዳሉ?” ብሎ ይጠይቃል፣ ሹፌሩ “ይፈትሹ” ይላል፤ በዚያ ቅጽበት የመቶ ዓመቱ የሕግ ጥበቃ ሁሉ ይቀራል። የእኛ ሰዎች የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በር ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው መኪናውን ከማስቆሙ ነው። ፖሊስ ማንንም ደስ እንዳለው ማስቆም አይፈቀድለትም። ከደላዌር በመጣ ጉዳይ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 እንደወሰነው፣ አንዳች ጥርጣሬ ሳይኖር መንጃ ፈቃድ ለማየት ብቻ አንዱን መኪና ከሌላው መርጦ ማስቆም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። ወረቀት ላይ ጥሩ ጥበቃ ነው። የትራፊክ ደንቡ ግን ማለቂያ የለውም። ፍሬቻ ሳያሳዩ መታጠፍ፣ የታርጋ መብራት መቃጠል፣ የመንገዱን ጠርዝ መስመር መንካት፣ ከፊት መስታወት ላይ እይታ የሚጋርድ ነገር ማንጠልጠል ሁሉ ጥፋት ነው። ይህ የመጨረሻው ስንቱን የእኛን ሹፌር እንደሚመለከት ለማወቅ፣ መስቀልና መቁጠሪያ ያልተንጠለጠለበት የሐበሻ ታክሲ ፈልጎ ማየት ይበቃል። አሥር ደቂቃ ከኋላ የተከተለ ፖሊስ ማስቆሚያ ምክንያት አያጣም።

ታዲያ የፖሊሱ እውነተኛ ፍላጎት ሌላ ሆኖ የትራፊክ ጥፋቱን ሰበብ ብቻ ቢያደርገውስ? ይህ ጥያቄ የተመለሰው በዋሽንግተን ዲሲ መንገድ ላይ በተጀመረ ጉዳይ ነው። በጁን 1993 ሲቪል የለበሱ የፖሊስ አባላት የፖሊስ ምልክት በሌለው መኪና ሲዘዋወሩ፣ ጊዜያዊ ታርጋ የለጠፈች ኒሳን ፓዝፋይንደር በማቆሚያ ምልክት ላይ ከ20 ሰከንድ በላይ ስትቆም አዩ። ወደ እሷ ሲዞሩ ፍሬቻ ሳታሳይ ወደ ቀኝ ታጥፋ ፈጥና ሄደች። ተከትለው ደረሱባት፤ ወደ መስኮቷ የቀረበው ፖሊስ በተሳፋሪው እጅ ላይ ኮኬይን አየ። የከተማዋ የፖሊስ ደንብ ራሱ፣ የሰው ደኅንነት ላይ አፋጣኝ አደጋ ካልመጣ በቀር፣ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ የትራፊክ ደንብ እንዳያስከብር ይከለክል ነበር። ይህም ሆኖ በጁን 1996 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ በዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ብዕር፣ ማስቆሙን ሕጋዊ አሉት። የትራፊክ ደንብ በርግጥ ከተጣሰ ፖሊሱ በልቡ ያሰበው አይመረመርም፤ የከተማ ደንብም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሕገ መንግሥቱ መለኪያ ሊሆን አይችልም። በዘሬ ተለይቼ ቆምኩ የሚል ሰው በሌላ አንቀጽ፣ በእኩልነት ድንጋጌው ይክሰስ ተባለ። ያኛውን ክስ ማስረዳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ይህ “የሬን ጉዳይ” የሚባለው ውሳኔ ዛሬም የፌዴራሉ ሕግ ነው።

በ2014 ደግሞ አንድ እርምጃ ተጨመረበት። በኖርዝ ካሮላይና አንድ ፖሊስ የፍሬን መብራቱ አንዱ አይሠራም ብሎ መኪና አስቆመ። የግዛቱ ፍርድ ቤት ሕጉን ሲያነበው አንድ የሚሠራ መብራት በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ጥፋት የሚባል ነገር አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ፖሊሱ ሕጉን የተሳሳተው ምክንያታዊ በሆነ መንገድ ስለሆነ ማስቆሙ ይጸናል አለ። ብቻቸውን የተለዩት ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር ነበሩ። ሹፌሩ “ሕጉን አላወቅኩም” ቢል አይሰማም፤ ለፖሊሱ ግን ይሰማለታል። ይህ ፍርድ ትክክል ነው ብዬ ለመቀበል እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

መኪናው ከቆመ በኋላስ? እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ለሹፌሩ ያደላባቸው ጊዜያት አሉ፤ አለመጥቀስ ግፍ ይሆናል። በ1998 የቅጣት ወረቀት መጻፍ ብቻ መኪና ለመፈተሽ አያበቃም ተባለ። በ2009 ከአሪዞና በመጣው የጋንት ጉዳይ፣ ሹፌሩ በካቴና ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ “ታስሯልና መኪናውንም እንፈትሽ” የሚለው የቆየ ልማድ ተገደበ። በ2014 በመንገድ ላይ የተያዘ ሰው ስልክ ያለ ማዘዣ አይከፈትም ተባለ፤ ይህም በአንድ ድምፅ ነው። ጉዳዩ የተነሳው ሳን ዲዬጎ ውስጥ የምዝገባ ጊዜው ባለፈበት ታርጋ ከቆመ መኪና ነበር። ሥራው በስልኩ ላይ ላለ ሹፌር ከሁሉም የሚጠቅመው ውሳኔ ምናልባት ይኸኛው ነው።

በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ግን የ2015ቱ የሮድሪጌዝ ጉዳይ ነው። ቦታው ኔብራስካ፣ ጊዜው ማርች 2012፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አለፍ ሲል። አንድ መኪና ለአንድ ሁለት ሰከንድ ከመንገዱ ወደ ጠርዙ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ሹፌሩ ኋላ እንደተናገረው ጉድጓድ ለማምለጥ ነበር። 6፡06 ላይ ያስቆመው ፖሊስ አነፍናፊ ውሻ በመኪናው ይዞ የሚዞር ነው። መንጃ ፈቃዱን አየ፣ ምዝገባውን አጣራ፣ የተሳፋሪውንም መታወቂያ ጠየቀ፣ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ጻፈ። 6፡27 ወይም 6፡28 ገደማ ወረቀቱን ሰጥቶ ጉዳዩን ጨረሰ። ወዲያው ውሻውን በመኪናው ዙሪያ ላዙር ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሹፌሩ አልፈቅድም አለ። ፖሊሱም ሞተሩን አጥፍቶ እንዲወርድ አዘዘውና ሌላ ፖሊስ እስኪመጣ አቆየው። 6፡33 ላይ ረዳቱ ደረሰ፤ ውሻው ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ምልክት ሰጠ፤ በመኪናው ውስጥ ሜታምፌታሚን ተገኘ። ከማስጠንቀቂያው ወረቀት እስከ ውሻው ምልክት ያለፈው ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ነው።

የስር ፍርድ ቤቶች ሰባት ስምንት ደቂቃ ኢምንት ነው ብለው ነበር። ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በስድስት ለሦስት ድምፅ የጻፉት ፍርድ ግን ከደቂቃው ብዛት ይልቅ ሥራው ማለቁን ተመለከተ። ማስቆሙ የሚጸናው የተቆመበትን የትራፊክ ጉዳይ ለመጨረስ እስከሚያስፈልገው ጊዜ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ከሌለ አንድ ደቂቃም ቢሆን ማቆየት ያለ ምክንያት እንደ መያዝ ይቆጠራል። በ2005 ከኢሊኖይ በመጣ ጉዳይ ውሻ ማስነፈስ ራሱ እንደ ፍተሻ አይቆጠርም ተብሎ ስለነበር፣ ይህኛው ቢያንስ የሰዓት ገደብ አበጀለት።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር አልረሳም። አንደኛ፣ ይህ ሁሉ ክርክር ሊነሳ የቻለው ሹፌሩ ስላልፈቀደ ነው። “ያዙሩት” ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም ነበር። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ወደ ስር ፍርድ ቤት ሲመለስ፣ ፖሊሱ በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ተማምኖ በቅን ልቦና ስለሠራ ማስረጃው አይሰረዝም ተብሎ ፍርዱ ጸና። ሰውየው ለአገሩ ሁሉ ደንብ አስቀየረ፤ ለራሱ ግን አልጠቀመውም።

ወደ ሽታው ልመለስ። ኢሊኖይ ማሪዋናን ከ2020 መግቢያ ጀምሮ ፈቅዳለች። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር አንድ ሹፌር በአውራ ጎዳና ላይ፣ ወሰኑ 70 ማይል በሆነበት በ73 ሲነዳ፣ ታርጋውም በደንብ አልታሰረም ተብሎ ቆመ። ፖሊሱ የተጨሰ ማሪዋና ሸተተኝ ብሎ መኪናውን ፈተሸ፤ አንድ ግራም ያህል አገኘ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2024 የተጨሰ ማሪዋና ሽታ ብቻውን አይበቃም አለ። ሦስት ወር ሳይሞላ በዲሴምበር ግን ያልተጨሰ፣ ጥሬ ማሪዋና ሽታ ይበቃል ሲል ፈረደ። ልዩነቱ ከየት መጣ ለሚል፣ የግዛቱ ሕግ በመኪና ውስጥ ያለ ማሪዋና ሽታ በማያወጣ ዕቃ ተከድኖ እንዲያዝ ያዛል። ጥሬው ከሸተተ ሕጉ ተጥሷል ማለት ነው፤ የተጨሰው ሽታ ግን ትናንት ቤት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ያጨሰ ሰው ልብስ ላይም ይኖራል። ሕጉን ቃል በቃል ለሚያነብ ሰው ክርክሩ ይያያዛል። መንገድ ዳር ሲወርድ ግን የሰውን ነፃነት በአንድ ፖሊስ አፍንጫ ላይ ይጥለዋል። የሸተተው ጥሬ ነው ወይስ የተጨሰ የሚለውን ከፖሊሱ ሌላ ማንም ሊመሰክር አይችልም፤ የደንብ ልብስ ላይ የሚታሰረው ካሜራ ሽታ አይቀዳም።

የኡበር ሹፌሩን አስቡት። ዓርብ ማታ ከጭፈራ ቤት አራት ወጣቶች ጭኖ ያደርሳል፤ አጭሰዋል። ከወረዱ በኋላ መስኮት ከፍቶ ቢነዳም ሽታው ከመቀመጫው ጨርቅ ቶሎ አይለቅም። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይቆማል። እሱ በሕይወቱ ቀምሶት አያውቅ ይሆናል። ከኋላ መቀመጫ ሥር ምን ወድቆ እንደቀረ ግን አያውቅም፤ የሚያውቀው ነገር ቢኖር መኪናው የእሱ መሆኑን ነው። የሚሺጋንና የሚኒሶታ ፍርዶች፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሕጎች ለዚህ ሰው እውነተኛ ፋታ ሰጥተዋል።

እንግዲህ ሽታው ከቀረ ለፖሊሱ የሚቀረው ጥያቄው ነው። ጥያቄው ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ወሰን የለውም ማለት ይቻላል።

የዚህ መሠረት የተጣለው በ1973 ነው። ካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ላይ አንድ የፊት መብራትና የታርጋ መብራት የጠፋበት መኪና ይቆማል፤ ስድስት ሰዎች ተሳፍረዋል፤ የሚነዳው መንጃ ፈቃድ የለውም። ፖሊሱ የመኪናው ባለቤት ወንድም የሆነውን ሰው መፈተሽ እችላለሁ ወይ ይለዋል። ሰውየው ይፈቅዳል፤ የኋላውንም ኮፈን ራሱ ይከፍትላቸዋል። ከኋላ መቀመጫ ሥር ሦስት የተሰረቁ ቼኮች ተገኙ። ጥያቄው ሰውየው እምቢ የማለት መብት እንዳለው ያውቅ ነበር ወይ፣ ካላወቀስ ፈቀደ ይባላል ወይ የሚል ነበር። ዳኛ ፖተር ስቱዋርት በስድስት ለሦስት ድምፅ መንግሥት ይህን ማስረዳት የለበትም ብለው ጻፉ። መብቱን ማወቁ ከብዙ ነገሮች ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ነገር ነው እንጂ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ በጎዳና ላይ መብት እያስረዱ መሥራትም ለፖሊስ የማይመች ነው ተባለ። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው፣ ይህ ፖሊስ በሰዎች አለማወቅ እንዲጠቀም መፍቀድ ነው ሲሉ አጥብቀው ተቃወሙ። እኔ ከማርሻል ጋር ነኝ። አንድ ሰው እንዳለው ያላወቀውን መብት ወዶ ተወው ማለት ለእኔ ሊገባኝ አይችልም።

ሁለተኛው ድንጋይ የተቀመጠው በኖቬምበር 1996 ነው፤ የሬን ጉዳይ ከተወሰነ አምስት ወር በኋላ። በኦሃዮ አንድ ፖሊስ ሹፌሩን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል ብሎ አስቁሞ፣ በቃል አስጠንቅቆ፣ መንጃ ፈቃዱን ከመለሰለት በኋላ ነው መፈተሽን ያነሳው። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማቅረቡ በፊት “አሁን መሄድ ይችላሉ” ብሎ በግልጽ እንዲናገር አዝዞ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። ሹፌሩ መሄድ መቻሉን ማንም ሊነግረው አይገደድም።

የ1996ን ሁለት ፍርዶች አንድ ላይ ስናነብ ውጤቱ ግልጽ ነው። በማንኛውም ጥቃቅን ጥፋት ማስቆም ይቻላል፤ ካስቆሙ በኋላ መጠየቅ ይቻላል፤ ሲጠይቁ መብቱን መንገር አያስፈልግም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ የመንገድ ላይ ማስቆሞችን መርምረው በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሹፌሮች የሚፈተሹት ከነጮች ባነሰ ጥርጣሬ መሆኑን አሳይተዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ የሹፌሩ መልክ ከሩቅ ሳይለይ ሲቀር፣ ከሚቆሙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ይቀንሳል። እኛም ከዚያ ውጭ አይደለንም፤ ከሩቅ የሚያይ ፖሊስ ኢትዮጵያዊነታችንን አያነብም።

አልፈቅድም ማለት ዋጋ የለውም ወይ? አለው፤ ማስረጃውም ሮበርት ዊልኪንስ ነው። በ1992 ከአያቱ ቀብር ከቺካጎ ከቤተሰቡ ጋር ሲመለስ በምዕራብ ሜሪላንድ የግዛቱ ፖሊስ አስቆማቸው። ከሃርቫርድ በሕግ የተመረቀ፣ በዲሲ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ነበር። ፍተሻውን አልፈቅድም አለ፤ ሕጉንም አስረዳ። ውሻ አስመጡ፤ ቤተሰቡን ከመኪናው አስወርደው ዝናብ ላይ አቆሙ፤ ምንም አልተገኘም። ከሰሰ፤ በ1995 በስምምነት ሲያልቅ የሜሪላንድ ፖሊስ የሚፈትሻቸውን ሰዎች ዘር እየመዘገበ እንዲያስረክብ ተገደደ። ዊልኪንስ ዛሬ በዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ግን እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን፣ እንቢታው የወጣው ሕጉን በቃሉ ከሚያውቅ ጠበቃ አፍ መሆኑን ነው። እሱ እንኳ ዝናብ ላይ ቆሟል።

የእኛ ሰው ያደገው በሌላ ሥርዓት ነው። አገር ቤት በየአውራ ጎዳናው ኬላ አለ፤ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ሻንጣው ይከፈታል፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ይፈተሻል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ሰው አካሉ፣ መኖሪያ ቤቱና ንብረቱ እንዳይመረመር ዋስትና ይሰጣል፤ ኬላ ላይ ግን “ማዘዣዎን ያሳዩኝ” ሲባል የሰማ ሰው አላጋጠመኝም። በዚህ ላይ ሹም ሲናገር አለመከራከር የቤት አስተዳደጋችን ነው፤ “ምን አለኝና ልፍራ” የሚለውም ኩራት አለ። እንዲህ ላለ ሰው ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ በመስኮት ጎንበስ ብሎ የሚያቀርብለት ጥያቄ፣ በትሕትና የተነገረ ትእዛዝ እንጂ ምርጫ ሆኖ አይሰማውም። እንግሊዝኛው የሰመረለት እንኳ ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት አያየውም።

ኪሳራውም ከሌላው ይከብዳል። ዜግነት ላላገኘ ሰው የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋተኝነት ፍርድ ግሪን ካርድ ይዞም ከአገር ያስባርራል። የሕጉ ጠባብ ልዩነት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሱ መጠቀሚያ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ይዞ ለተገኘ ሰው ነው። ማሪዋና በግዛት ሕግ ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ ገና አልተፈቀደም፤ ኢሚግሬሽን ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ጫትም አለ። በአገራችን በገሃድ የሚሸጠው እርጥብ ቅጠል ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት አሜሪካ ከከባዶቹ የተከለከሉ ዕፆች መደብ ውስጥ አስገብታዋለች። ሌላው ብዙዎች የማያውቁት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ የሚሰረዝበት ደንብ በአብዛኛው የማባረር ችሎት ላይ አይሠራም ማለቱ ነው። በወንጀል ችሎት ፍተሻው ሕገ ወጥ ነበር ተብሎ ነፃ የወጣ ሰው፣ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ያው ማስረጃ ሊቀርብበት ይችላል።

ፖሊሶች የሚሉትም መደመጥ አለበት። በፈቃድ ፍተሻ ሽጉጥ ይያዛል፣ የተጠለፈ ልጅ ይገኛል፣ ሰው ተስማምቶ በሰላም ይለያያል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የሕግ ትምህርት ከሆነ ሥራ አይሠራም ይላሉ። የመጀመሪያውን አልክድም። ግን በርግጥ ጥርጣሬ ካለ ፖሊሱ ፈቃድ ባያገኝም ሌላ መንገድ አለው፤ የ1925ቱ ፍርድ ዛሬም በቦታው ነው። በፈቃድ ብቻ የሚያዘው፣ ምንም የማይጠረጠረው ሰው ነው። አይሠራም የሚለው ደግሞ በተግባር ተፈትኗል። የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002፣ ፖሊስ መኪና ለመፈተሽ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሊኖረው ይገባል አለ፤ በቀጣዩ ዓመት የሚኒሶታውም ተከተለ። የዱራም ከተማ በኖርዝ ካሮላይና ከ2014 ጀምሮ ፈቃዱ በጽሑፍ እንዲሆን አድርጋለች። በእነዚህ ቦታዎች የፖሊስ ሥራ አልቆመም።

የቨርጂኒያ ሕግ ከሁሉም የበለጠ አስገርሞኛል። ከማርች 2021 ጀምሮ ፖሊስ ለተወሰኑ ጥቃቅን ጉድለቶች፣ መስታወት ላይ ለተንጠለጠለ ነገር ጭምር፣ ብቻ ብሎ መኪና ማስቆም አይችልም። ይህን ጥሶ ካስቆመ ያገኘው ማስረጃ አይቀርብም፤ ሰውየው ፈቅዶ የተገኘ ቢሆን እንኳ። የሕጉ አርቃቂዎች ፈቃድ የሚባለው ነገር ጥፋትን ማጠቢያ እንደሚሆን አስቀድመው አይተውታል።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ፣ የሬን ጉዳይ የተጀመረባት ከተማ፣ በፖሊስ ማሻሻያ ሕጓ ሩቅ ሄዳለች። ፍተሻው በፈቃድ ላይ ብቻ የሚመሠረት ከሆነ ፖሊሱ በቀላል ቋንቋና በረጋ መንፈስ፣ ሰውየው በፈቃደኝነት እንደሚጠየቅና ካልፈቀደ ፍተሻ እንደማይደረግ መንገር አለበት። እንግሊዝኛ በቂ ላልሆነለት ሰው የትርጉም አገልግሎት መጠቀም አለበት። በዲሲ የከተማው አስተዳደር ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ይህም ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ጀምሮ በማኅበረሰባችን ድካም የተገኘ መብት ነው። ስለዚህ ጆርጂያ ጎዳና ላይ በሌሊት የቆመ ሹፌር፣ “ብፈትሽ ይፈቅዳሉ?” የሚለውን ጥያቄ በአማርኛ፣ አልፈቅድም ማለት እንደሚችል ጭምር፣ የመስማት መብት አለው። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ስንት ይሆን?

የሚባለው ነገር አጭር ነው፤ “ፍተሻ አልፈቅድም”። በረጋ ድምፅ፣ እጅ መሪው ላይ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ። ውረድ ከተባለ መውረድ ነው፤ ይህን ፍርድ ቤቱ በ1977 ለፖሊስ ፈቅዷል። አልፈቅድም እየተባለ ከፈተሸም በአካል መከላከል አይገባም፤ ክርክሩ ለፍርድ ቤት ይቆያል፤ ያ ቃል ካሜራው ላይ መቅረቱ ይበቃል። አለመፍቀድ ብቻውን ሰውን ለመያዝ ምክንያት እንደማይሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ተናግሯል።

በአንድ ፈረቃ ከዲሲ ተነስቶ አርሊንግተን የሚያደርስ፣ ከዚያ ቤተስዳ የሚጭን ሹፌር ሦስት ሕግ ያቋርጣል፤ የዲሲው የአስተርጓሚ ግዴታ ድልድዩን ሲሻገር ያበቃል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1973ቱን ፍርድ በቅርብ ይሽረዋል ብዬ አልጠብቅም፤ መንገዱ በየግዛቱ ምክር ቤት ነው። የሜሪላንዱ በአናፖሊስ፣ የቨርጂኒያው በሪችመንድ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይሰበሰባሉ። የዲሲውን አንቀጽ የሚመስል ረቂቅ ለማዘጋጀት ከአንድ ገጽ በላይ አያስፈልግም። የማኅበረሰብ ድርጅቶቻችን፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ፣ የታክሲ ሹፌሮች ማኅበራቱ ያንን ገጽ ይዘው፣ ቆመው የተፈተሹ ሹፌሮችን ምስክርነት አያይዘው፣ ለወረዳቸው ተመራጭ ከገና በፊት ሊያደርሱት ይችላሉ።